ውሸት መናገር የማይችል ልዑል እንዴት ይከዳል?

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ለወጣቶች የምጽፈው የፋንታሲ ልብ ወለድ ሁለተኛ ቅጽ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሞ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ንባብና ጽሑፍ የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙኝ ስለምፈልግ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ታሪኩ የተነሣው አያቴ ትነግረን ከነበረው ተረት ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ ከሁሉ የተዋቡትን አሥራ አምስቱን ፈርታ ደበቀቻቸው፤ የተደበቁትም በዚያው ከሰው ዓይን ተሰውረው ቀሩ፤ ዛር የሚባሉት የእነዚያ ውብ ልጆች ዘር ናቸው ይባላል። እኔ «ስውራን» ብዬ ሰየምኋቸውና መንግሥታቸውን ከሐይቅ ባሕር ሥር አደረግሁት። ስለ ሐይቅ የሚነገረው አፈ ታሪክ ራሱ የሥልጣንና የበደል ታሪክ ነውና። አንዲት ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር በደለች፤ በዚህ ፈጣሪ ተቆጥቶ ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች፤ ደረቅ የቀረው ቦታም ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይላሉ። የእኔ ልብ ወለድ የሚጀምረው ያቺ ልዕልት ከውሃው ሥር እስከ ዛሬ ብትነግሥስ ከሚል ሐሳብ ነው።

ስውራኑ በሁለት ሕግ የታሰሩ ናቸው። ብረት ያቃጥላቸዋል፤ ይህን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ እናቴ እኔን ወልዳ አራስ ሳለች ማታ ከደጅ የምትወጣው ቢላዋ ይዛ እንደ ነበር አያቴ ነግራኛለች። ሁለተኛው፣ ውሸት መናገር አይችሉም፤ ይህን የወሰድሁት ስለ ፌሪዎች፣ ማለት በፈረንጆቹ ተረት ውስጥ ስላሉት ስውር ፍጡራን፣ በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት ልብ ወለዶች ልማድ ነው። ጀግናዋ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ማንም መዋሸት በማይችልበት ቤተ መንግሥት ውስጥ መዋሸት የምትችለው እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች፣ በአያቱ በንግሥቲቱ እንደራሴነት የተቀመጠው ወጣት ልዑል በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ አፈ ንጉሥ አድርጎ ይሾማታል። እርሱ ሊለው የማይችለውን ሁሉ እርስዋ በእርሱ ስም ትናገራለች። ሥልጣኗ ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ቅጽ ደግሞ የፍቅራቸው ነው፤ ፍቅሩም ከዚሁ ሕግ ጋር ተጠላልፏል። እርስዋ «እወድሃለሁ» ማለት ትችላለች፤ ነገር ግን መዋሸት የምትችል ሰው ቃል ስለ ሆነ አያምናትም። እርሱ ቢናገረው እውነት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ እርሱ ግን አይናገረውም። እስከ አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ድረስ በዚህ እየተጎተቱ መጡ።

አሥራ አራተኛው ላይ ሊከዳት ግድ ነው። ንግሥቲቱ ዙፋኗን ልትመልስ ተነሥታለች፣ መኳንንቱም አፈ ንጉሥዋ እንድትያዝ ጠይቀዋል። እኔ የጻፍሁት ልዑሉ በሌሊት ትእዛዝ ሲያትም፣ ሲነጋም ወታደሮች ሲወስዷት ነበር። ረቂቁን በደብተር ገልብጬ ለንባብ ክበባችን ሰባት ልጆች አዞርሁት። አንዷ ስትመልስልኝ በእርሳስ ከገጹ ጠርዝ ላይ «ታዲያ ይህች ልጅ ሞኝ ናት ማለት ነው?» ብላ ጽፋ አገኘሁ። ያቺን መስመር ካነበብሁ በኋላ ብዕር አላነሣሁም። ሐቋን ነው፤ ሰው የሚታለልበትን ሁሉ የምታውቅ አፈ ንጉሥ በአንዲት የታተመች ወረቀት ብቻ ከተያዘች፣ ስለ ብልህነቷ ሦስት መቶ ገጽ የጻፍሁት ሁሉ ይፈርሳል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። መዋሸት የማይችል ሰው ፊት ለፊት እያያት እንዴት ሊከዳት ይችላል? ቀድሞ መክዳት ያለበትስ ማን ነው? ከዚህ በኋላ አንባቢ ፍቅራቸው እንዲቀጥል ሊመኝ ይችላልን?

መልስ፦ ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ፋንታሲ የሚባለውን ማንበብ የጀመርሁትም በልጅ ልጆቼ ምክንያት ነው። ጥያቄሽ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከኖርሁበት ቤት የመጣ ስለ ሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ውሸት የማይናገር ሰው እንዴት ያታልላል ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እኛ እኮ ለዚህ ትምህርት ቤት ያለን ሕዝብ ነን። ዋድላ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ የቅኔ ተማሪ ዓመታት የሚፈጀው አንዱን ቃል ለሁለት ጌታ ማሳደርን ለመማር ነው። ሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው አንዲትም ውሸት አይወጣውም። ቃሉ ሁሉ በአደባባይ የተዘረጋ ነው፤ ሰሚው ሰሙን ይዞ ቢሄድ የራሱ ጉዳይ ነው። በድሮ ችሎት በላ ልበልሃ ብሎ የሚሟገተው ባለ ጉዳይ ዳኛውን የሚረታው በዚሁ ነበር። ስለዚህ የልዑሉን ክህደት ከሌሊት ወረቀት አውጪና በቀን ብርሃን፣ በጉባኤ ፊት፣ በአንድ ቃል አድርጊው።

ቃሉንም ልስጥሽ። «ጠበቀ» የሚለውን ግሥ ተመልከቺ። እረኛ ከብቱን ይጠብቃል፤ ዘበኛ እስረኛውን ይጠብቃል፤ እናትም ያልገባ ልጇን መብራት ሳታጠፋ ትጠብቃለች። ከለላ መሆንም፣ ማሰርም፣ የሚመጣን ሰው ተስፋ ማድረግም በአማርኛ ያው አንድ ግሥ ነው። እንግዲህ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ መኳንንቱ በልጅቱ ላይ ሲያጉረመርሙ፣ እርስዋ ወደ ልዑሉ ዞራ «ሲነሡብኝ ምን ታደርግልኛለህ?» ብላ ትጠይቀው። እርሱም ዓይኗን እያየ «እጠብቅሻለሁ» ይበላት። ውሸት መናገር እንደማይችል ስለምታውቅ ልቧ ያርፋል፤ በዚያች ሌሊት ከመጣች ጀምሮ ተኝታ የማታውቀውን እንቅልፍ ትተኛለች። ሲነጋ ግን ከበሯ ላይ ዘብ ቆሟል፤ ቃሉም አንዲት ፊደል ሳትጎድል ተፈጽሟል።

እንዲህ ሲሆን ልጅቱ ሞኝ አትሆንም። የሰውን ሁሉ ሰም ስትገልጥ የኖረች አፈ ንጉሥ የዚህን ሰው ቃል ያልገለጠችው፣ አንዱን ትርጉም ብቻ መስማት ስለ ፈለገች ነው፤ ይህንንም የወደደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ከዚያ በፊት ባሉት ምዕራፎች ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሌሎች መኳንንትን ድርብ ቃል በሰከንድ ውስጥ ስትፈታ አሳዪን፤ ያን ጊዜ ይህኛው ሲያመልጣት አንባቢው ከእርስዋ ጋር ይታመማል።

አንድ ነገር አደራ፤ ተራኪሽ የግሡን ትርጉም አይተንትን። መምህር ሆኜ ሳለሁ እኔ ራሴ ስንት ጥሩ ቅኔ በማብራራት ገድያለሁ! ቃሉን በዘቡ አፍ አድርጊው፤ «ለምን ቆምህ?» ስትለው የሚመልስላት በዚያው ግሥ ይሁን፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

መልስ፦ የሰኞ ገበያ አንባቢ (ደሴ)

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ደብተሩን ካነበቡት ሰባት ልጆችም አንዷ ነኝ፤ በእርሳስ የጻፍሁት ግን እኔ አይደለሁም። እኅቴ፣ እኔን ያናደደኝ መክዳቱ አልነበረም። በስድስተኛው ምዕራፍ ላይ መርፌዋ ከእጇ ወድቆ በምንጣፉ ውስጥ ሲጠፋ፣ እርሱ ተንበርክኮ ፈልጎ አንሥቶ ይሰጣታል፤ መርፌው ብረት ስለ ሆነ ጣቶቹ ይቃጠላሉ፤ እርሱ ግን አንድም ቃል ሳይናገር እጁን በእጀ ጠባቡ ሸፍኖ ይሄዳል። ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከዚያ በኋላ መርፌው እስከ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ የት ገባ? ከስድስተኛው በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን የተቀመጡበት ቦታም የለም፤ ሁልጊዜ ጉባኤ፣ ሁልጊዜ መኳንንት ነው። እንደሚዋደዱ ብዙ ካላየሁ ሲከዳት ለምን አለቅሳለሁ?

መልስ፦ ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ ስለ ቃሉ የሰጡትን ከልቤ ተቀብያለሁ። እኔ የምጨምረው «ቀድሞ መክዳት ያለበት ማን ነው?» ስለሚለው ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ከገዛ አገራችን ታሪክ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ የነበረውን ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። ልጁ መቅደላ ላይ አደገ። እስረኛ ነበረ፤ ነገር ግን እንደ ልጅ ነበር የያዙት፤ ኋላም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። አማቹም አሳሪውም፣ አባቱም ጠላቱም አንድ ሰው ሆኑ። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ምኒልክ ሚስቱን እዚያው ትቶ በሌሊት ከአምባው አመለጠ። ያመለጠውም ወደ ወሎ፣ ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር ነበር። የወርቂት ልጅ ግን በዚያ ሰዓት መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበረ።

እስቲ በወርቂት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ንጉሡ የሚፈልጉት ሰው ከደጇ ቆሟል፤ እርስዋ የምትፈልገው ልጅ በንጉሡ እጅ ነው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል ይቻላል፤ ያንንም አስባዋለች። ቴዎድሮስ ግን የምኒልክን ወደ እርስዋ መግባት ባወቁ ጊዜ በቁጣ ልጇን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። የምትለውጥበት ነገር ከእጇ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምኒልክን አጅባ ወደ ሸዋ ሰደደችው፤ እርሱም ንጉሥ ሆነ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምገረመው ክፉው ማን እንደ ሆነ በአንድ ጣት ማመልከት ስለማይቻል ነው። ምኒልክ አሳዳጊውን ከዳ፤ ነገር ግን አሳዳጊው አስቀድሞ ከአባቱ ቤት ነጥቆት ነበር። ወርቂት እንግዳዋን ለመስጠት አሰበች፤ ያሰበችው ግን ልጇን ለማትረፍ ነው። ሁሉም ከቆመበት ቦታ የተነሣ ከዳ። በድሮው ሥርዓት ሥልጣን ማለት በአብዛኛው የማንን ልጅ በእጅህ ይዘሃል ማለት ነበረና፣ አንድን ሰው መውደድህ ራሱ ጠላትህ የሚይዝህ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ እኅቴ፣ ልዑልሽ በጉባኤው ፊት ያንን ቃል ከመናገሩ በፊት ንግሥቲቱ የያዘችበት ምን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። የሚያጣው ነገር ከሌለው ክህደቱ ጭካኔ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምታሳዝነኝ ግን አልጣሽ ናት። ምኒልክ ባመለጠ ማግሥት እርስዋ በዚያ አምባ ላይ ነቅታለች፤ አባቷ በቁጣ ይነድዳሉ፣ ባሏ የለም። ታሪክ ጸሐፊዎች የምኒልክን መንገድ፣ የቴዎድሮስን ቁጣ፣ የወርቂትን ውሳኔ ጽፈዋል፤ አልጣሽ በዚያ ጠዋት ምን እንዳለች ግን የጠየቃት ያለ አይመስልም። የልብ ወለድ ደራሲ ሥራ ከዚያ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። አሥራ አራተኛውን ምዕራፍ አልጣሽ ከቆመችበት ቦታ ሆነሽ ጻፊው።

ስለ ጉባኤው አዳራሽ አንድ ሐሳብ ጣል ላድርግ። ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ደሴ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ብለውታል፤ ስሙም ድሃውም ሀብታሙም ሳይናቅ ይገባበታል የሚል ነው። የስውራኑ አዳራሽ ሁሉን የሚያስገባ ሆኖ ማንንም የማያስወጣ ቢሆን ለታሪክሽ የሚስማማ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሕግ አንባቢ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁም የጻፋችሁትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ የጋሼን «እጠብቅሻለሁ» ሳነብ ሰውነቴን ውርር አድርጎኛል። ሆኖም የሚያሳስበኝን ካልተናገርሁ ለእነዚያ ሰባት ልጆች ታማኝ አልሆንም።

እኔ በሥራዬ የሴቶችንና የልጃገረዶችን አቤቱታ እሰማለሁ። «ላንቺው ብዬ ነው የዘጋሁብሽ» የሚለውን ቃል ከብዙ ወንዶች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከተዘጋባቸው ሴቶች አፍም ሰምቼዋለሁ፣ «ለእኔው ብሎ ነው» ሲሉ። ልዑሉ ልጅቱን የሚያስራት ከመኳንንቱ ሊያድናት ነው፣ በሦስተኛው ቅጽም ፍቅሯን ያገኛል ከተባለ፣ ያሠራትና ያገባት አንድ ሰው ይሆናል። ይህ ለእኛ አገር ልጃገረድ ምናባዊ ነገር አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ክስ እንዳይመሠረትበት ያደርግ ነበር። ይህ የቀረው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ ዛሬ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እናቶቻችን ጠላፊያቸውን እንዲወዱ በሽማግሌ የተመከሩ ሴቶች ናቸው። ደብተሩን የምታነበው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የዚያ ምክር ወራሽ ናት።

ይህን ስል ክህደቱ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ጨካኝ ያልሆነ ልዑል ስለ ሥልጣን ሊያስተምረን አይችልም። የምለው ክህደቱ በስሙ ይጠራ ነው። ልጅቱ ለእኔው ብሎ ነው ብላ ራሷን አታጽናና፤ ተራኪዋም አታጽናናት። ከእስሩም የምትወጣው እርሱ ራርቶ ሲከፍትላት አይሁን፤ መውጫው በገዛ እጇ ያለ ነገር ይሁን።

የዚህ ዓይነት ታሪክ ሥሩን ብትመለከቺ ለዚህ ድጋፍ ታገኚበታለሽ። በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ለዘመናት በተዘፈነ አንድ የባላድ ግጥም ውስጥ፣ በፌሪዎች ንግሥት እጅ የተያዘው ወንዱ ነው። ፌሪዎቹ በየሰባት ዓመቱ ለገሃነም ግብር ይከፍላሉ፤ የዚያን ዓመት ግብር እርሱ እንዳይሆን ይሠጋል። የምታወጣው ልጅቱ ናት። በሌሊት መንታ መንገድ ላይ ጠብቃ ከፈረሱ ትጎትተውና እባብ ሲሆንም፣ አንበሳ ሲሆንም፣ የጋለ ብረት ሲሆንም ከእቅፏ አትለቀውም። እዚያ ላይ የመያዝ ኃይል የእርስዋ ነው፤ የምትይዘውም ነፃ ልታወጣው ነው።

ከዚሁ ጋር ልጅቱንም እንመርምራት፤ ሁልጊዜ የተበደለች ብቻ ከሆነች ሥልጣን ነበራት ማለት አይቻልም። አፈ ንጉሥ ሆና በእርሱ ስም የተናገረችው ትልቁ ውሸት ምን ነበር? እርሱስ ያውቀው ነበርን?

መልስ፦ የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሌሊት ከእናንተ መልስ ጋር አሳልፌአለሁ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር በሻማ ጻፍሁ፤ ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት ውሃ ሥር ያለሁ ነው የመሰለኝ።

የሕግ አንባቢ የመጨረሻ ጥያቄ ሁሉንም ነገር ከፈተልኝ። ትልቁን ውሸት እስከ ዛሬ አልጻፍሁትም ነበር፤ አሁን አገኘሁት። በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ጦርነት ለማስቀረት ብላ፣ ልዑሉ ሳያውቅ፣ በእርሱ ስም ለመኳንንቱ ቃል ትገባለች፤ ያንን ቃል የመጠበቅ ሐሳብ ግን የላትም። እርስዋ ይህን እንደ ተራ የፖለቲካ ብልሃት ታየዋለች። ለእርሱ ግን በሕይወቱ የመጀመሪያው ውሸት በስሙ ተነግሯል፤ መዋሸት ለማይችል ፍጡር ከዚህ የባሰ መደፈር የለም። እንግዲህ ቀድማ የከዳችው እርስዋ ናት። ንግሥቲቱም የምትይዘው በዚሁ ነው፤ «ስምህ ውሸታም ሆኗል፤ ወይ አፍህን አስረህ ስጠኝ፣ ወይ መኳንንቱ አንተንም እርስዋንም ያጥፏችሁ» ትለዋለች።

የሰኞ ገበያዋ እኅቴ፣ መርፌውንም አልረሳሁትም። በዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ የቀሚሷን ጠርዝ ስትሰፋ ከጎኗ ተቀምጦ፣ የተቃጠለ ጣቱን ወደ መርፌው ቀረብ፣ ራቅ እያደረገ ሙቀቱ ከየት እንደሚጀምር ሲለካ የሚያሳይ ሁለት ገጽ ጨምሬአለሁ። አያወሩም። መርፌውን በመጨረሻ ከቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ትሰካዋለች፤ እርሱም የት እንደ ሰካችው አይቷል። ሲያስራት ሁሉን ነገር ያስወስድባታል፤ ቀሚሷ እንዳይፈተሽ ግን ያዝዛል። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ብረት ከእርስዋ ጋር ይቀራል፤ ከዘቦቹ መካከልም ሊነካው የሚደፍር የለም። መቼ እንደምትጠቀምበትና ወዴት እንደምትሄድ የምትወስነው እርስዋ ናት። ስትወጣም ወደ እርሱ አትሄድም፤ ሁለተኛው ቅጽ የሚያልቀው በባሕሩ ዳር እርጥብ ልብሷን እየጨመቀች፣ የንጋት ደወል እየሰማች ነው።

የአሥራ አራተኛውን መጨረሻ እንዲህ ጽፌዋለሁ፤

«በሩን ስትስበው አልጠበቀም፤ ዝግ እንዳልነበረ ገባት። ከደፉ ላይ ዘብ ቆሟል፤ ጦሩን በሁለት እጁ አግድሞ ይዞታል። በዚያ ቤት ብረት ስለማይገባ የጦሩ ጫፍ ናስ ነበር፤ የጠዋቱ ብርሃን በውሃው ውስጥ አልፎ ሲያርፍበት ቢጫው ይንቀጠቀጣል። 'ልዑሉ የት ናቸው?' አለችው። 'በጉባኤ ላይ ናቸው።' 'ያለ አፈ ንጉሥ?' ዘቡ ወደ እግሩ ተመለከተ። 'አንተስ ምን ልታደርግ መጣህ?' 'እንድጠብቅዎ ታዝዣለሁ' አላት። እጇ ከበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ትናንት በጉባኤው መካከል ቃሉን ሲሰጣት የነበረውን ድምፅ፣ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የነበረውንም ትንፋሽ አሁን ሰማችው።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጋሼ፣ ግሡ ሦስት ትርጉም እንዳለው ነግረውኛል። ልዑሉ በጉባኤው ፊት ሲናገረው ሦስቱንም ያውቃቸዋልን?

መልስ፦ ከቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ የቀሚሱን ጠርዝ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሕግ አንባቢ የምትባለው ልጄም የተናገረችው ልክ ነው፤ እኔ በቃሉ ውበት ተይዤ የሚታሰረውን ሰው ዘንግቼ ነበር።

ሁለቱን ያውቅ። ከለላ መሆኑንም ማሰሩንም እያወቀ ይናገረው፤ ያን ካላወቀ ክህደት አይባልም። ሦስተኛውን ግን አይወቀው። መዋሸት አለመቻሉ የሚያስረው ከዚያ ላይ ይሁን፤ ሳያውቀው የወጣው ትርጉምም ቃል ነውና ሊፈጽመው ግድ ይሆንበታል፤ በሦስተኛው ቅጽ እርስዋ ወደ ደሴ ተመልሳ አባቷ ሱቅ ውስጥ ስትሰፋ፣ እርሱ በሐይቅ ዳር ቀኑ እየመሸበት ለምን መንቀሳቀስ እንዳቃተው ራሱ ይድረስበት። ትምጣ አትምጣ ለእርስዋ ተዪላት።

የዘቡን ንግግር ግን አስተካክዪው። «እንድጠብቅዎ» አይበል፤ «እንድጠብቅሽ» ይበላት። እስከ ትናንት አፈ ንጉሥ ነበረች፤ ዘቡም ስታልፍ ጎንበስ ብሎ «እርስዎ» ይላት ነበር። ሹመቷ መሻሩን ከአዋጅ ሳይሆን ከዚያች ከአንዲት ፊደል ትስማው።